ድጎማው ሲያልቅ ሥራውስ ያልቃል? በስዊድን በደመወዝ ድጎማ ስለሚገኝ የመጀመሪያ ሥራ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን የ34 ዓመት ሴት ናቸው። የስደተኛ መኖሪያ ፈቃድ ካላቸው ባለቤታቸው ጋር ለመኖር ጎተንበርግ ከገቡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አላቸው፤ ደሴ በአንድ ባንክ ለስምንት ዓመታት ሠርተዋል። ከአራቱ የኤስኤፍኢ (ለስደተኞች የሚሰጥ የስዊድንኛ ትምህርት) ኮርሶች ሦስተኛውን ጨርሰዋል። ብዙ ማመልከቻ ቢያስገቡም ለቃለ መጠይቅ የጠራቸው አልነበረም። አሁን ሁለት በሮች ተከፍተውላቸዋል፦ አንደኛው የአገር ልጅ ምግብ ቤት፣ ሁለተኛው የሆቴል ክፍል ጽዳት። ሁለቱም «አርቤትስፎርሜድሊንገን (የመንግሥት የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት) ከደመወዝሽ ከፊሉን ከሸፈነልን እንቀጥርሻለን» ብለዋቸዋል። ጓደኞቻቸው ደግሞ «ርካሽ ጉልበት ፈልገው ነው፤ ድጎማው ባለቀ ማግስት ያሰናብቱሻል» ይሏቸዋል። «ልቀበል ወይስ ያለ ድጎማ የሚቀጥረኝ እስኪገኝ ልጠብቅ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ይቀበሉ። ያለ ድጎማ የሚቀጥርዎትን አሠሪ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ካሉዎት ምርጫዎች ሁሉ የከፋው ነው። ያለ ሥራ ያለፈ እያንዳንዱ ወር በማመልከቻዎ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል፤ ስዊድንኛዎም ከክፍል ውጭ ካልተነገረ ይደበዝዛል። ሆኖም «የደመወዝ ድጎማ» ተብለው በአንድ ስም የሚጠሩት የቅጥር ዓይነቶች በሚሰጡት መብት የተራራቁ ናቸው። ጓደኞችዎ የሚያስፈራሩዎት ነገር በአንደኛው ላይ እውነትነት አለው፤ በሌላው ላይ ግን ሕጉ ራሱ ይቆምልዎታል። ከመፈረምዎ በፊት የትኛው እንደቀረበልዎት ማወቅ አለብዎት፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ «ርካሽ ጉልበት» የሚለውን እንይ። ስዊድን በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም። ደመወዝ የሚወሰነው የሠራተኛ ማኅበራትና የአሠሪዎች ማኅበራት በየዘርፉ በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ነው። በዚህ መንገድ የተወሰነው መነሻ ደመወዝ ለጀማሪም ቢሆን ዝቅተኛ አይደለም። በዚያ ላይ አሠሪው ለመንግሥት የሚከፍለው መዋጮ አለ፤ ይኸውም የደመወዙ 31.42 በመቶ ነው። ደመወዝዎ በወር 25,000 ክሮና ቢሆን አሠሪው የሚያወጣው 32,855 ክሮና ይሆናል፤ የዓመት ፈቃድና የሕመም ቀን ገና አልታሰበም። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ስለ እርስዎ የሚመሰክርለት ሰው ይፈልጋል። እዚህ አገር ቀጣሪ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ስልክ አንሥቶ የቀድሞ አለቃዎን ማነጋገሩ የተለመደ ነው። የእርስዎ አለቃ ደሴ ናቸው። ቀጣሪው የባንኩን ስም አያውቀውም፣ በሥራ ልምድ ወረቀትዎ ላይ ያረፈውንም ማኅተም አይቶት አያውቅም። ስምንት ዓመት የደከሙበት ሥራ በእርሱ ዘንድ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ይህ እንደሚያም አውቃለሁ።

ስምም የራሱ ድርሻ አለው። ማግኑስ ካርልሶንና ዳን-ኡሎፍ ሩት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2005 እና በ2006 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስቶክሆልምና በጎተንበርግ ለወጡ ከ1,500 በላይ ክፍት የሥራ ቦታዎች ጥንድ ጥንድ ማመልከቻ ልከው ነበር። ትምህርቱም ልምዱም ተመሳሳይ ሆኖ አንደኛው የስዊድን ስም፣ ሌላው የመካከለኛው ምሥራቅ ስም ይዟል። የስዊድን ስም የያዘው ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድሉ በ50 በመቶ በልጦ ተገኘ። መልስ ያጡት ማመልከቻዎችዎ ስለ ችሎታዎ የሚናገሩት ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ እባክዎ ይህን ለራስዎ ደጋግመው ይንገሩት።

የደመወዝ ድጎማ የተፈጠረው ለዚህ ጥርጣሬ ነው። መንግሥት አሠሪውን «ይህችን ሰው ሞክራት፤ ባትሆንህ ኪሳራው ባንተ ላይ ብቻ አይወድቅም» ይለዋል። እርስዎ አንድ ጊዜ በሩን አልፈው ከገቡ በኋላ በሰዓቱ መድረስዎ፣ ሥራ መያዝዎ፣ ከሰው ጋር መግባባትዎ በዓይን ይታያል፤ ያኔ የስምና የማኅተም ነገር ክብደቱ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ ልግባ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። እርስዎን የሚመለከቱት ሦስት ናቸው።

ከሁሉም የምመርጥልዎት ኒስታርትስዮብ የሚባለውን ነው። የተጀመረው በ2007 ሲሆን ለረጅም ጊዜ ሥራ ላጡ ሰዎች፣ እንዲሁም ጥበቃ አግኝተው ለመጡ ስደተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ፈቃድ ካገኙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የተዘጋጀ ነው። አሠሪው ቀደም ሲል ባነሳሁት የ31.42 በመቶ መዋጮ ልክ፣ እንደ ሁኔታው ከዚያም በላይ፣ ከመንግሥት ይካካስለታል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ነገር ግን ሌላ ነው፦ በሕግ ፊት ይህ እንደማንኛውም ሥራ ይታያል። የቅጥር ጥበቃ ሕጉ፣ ማለትም ላስ፣ ሙሉ በሙሉ ይሠራበታል። የሚያገኙት ደመወዝም ለሥራ አጥነት መድን ይቆጠርልዎታል። «አምጪ ፈቃድሽን» ብሎ የሚጠይቅዎት አሠሪ ይህን ዓይነት ቅጥር አስቦ ከሆነ ጊዜዎ እየሄደ ነው፤ ፈቃድዎ የተሰጠበት ቀን ወሳኝ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላዎት ስለተቃረበ ነገ ዛሬ ማለት የለብዎትም።

ሁለተኛው ኢንትሮዱክሹንስዮብ ይባላል። በ2018 ሲመጣ ከእርሱ በፊት አዲስ ገቢዎች የሚቀጠሩበትን ኢንስቴግስዮብንና ሌሎች ድጎማዎችን ተክቷል። መንግሥት እስከ ተወሰነ የደመወዝ ጣሪያ ድረስ የደመወዙን 80 በመቶ ይሸፍናል፤ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ሆኖ ሊራዘም ይችላል። አሠሪዎች የሚወዱት ይህን ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለሠራተኛው ያለው ጉድለት ግን ብዙ ሰው ፈርሞ ከገባ በኋላ የሚሰማው ነው፦ የቅጥር ጥበቃ ሕጉ አይሸፍነውም፣ ወራቱም ለሥራ አጥነት መድን አይቆጠሩም። ዓመቱን ሙሉ ለፍተው ሥራው ሲያበቃ መድን ለመጠየቅ ሲሄዱ የሚቆጠር ገቢ የለዎትም ይባላሉ። በተለይ አዲስ እናቶች ይህን ሳያውቁ ገብተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ይህ ማለት አይቀበሉት ማለት አይደለም። ቋንቋው ገና ለሆነ፣ ሥራውን ከሚያሳይ ሰው ሥር ቆይቶ መማር ለሚያስፈልገው ሰው ጥሩ መግቢያ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን ኤስኤፍኢን እዚህ ድረስ ገፍተዋል፣ የሥራ ሰውም ነዎት። ኒስታርትስዮብ የሚገባዎት ከሆነ ለአሠሪው ስለሚቀልለት ብቻ ወደ ሁለተኛው አይውረዱ።

ሦስተኛው ኤታብሌሪንግስዮብ ነው። የሠራተኞቹ ኮንፌዴሬሽን ኤልኦ፣ የጽሕፈትና የአስተዳደር ሠራተኞችን የያዘው ኡኒዮነንና የስዊድን አሠሪዎች ድርጅት ተደራድረው ያመጡት ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2024 ነው። አሠሪው በወር 8,400 ክሮና ይከፍላል፤ መንግሥት ደግሞ እስከ 9,870 ክሮና ግብር ሳይነካው በቀጥታ ወደ ሠራተኛው ሒሳብ ያስገባል። እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ከሥራው ጎን ለጎን ቋንቋ ይማሩበታል፣ መጨረሻው እዚያው ቤት ቋሚ ቅጥር እንዲሆን ታስቦ ነው የተቀረፀው። አሳቡን እወደዋለሁ፤ በተለይ የመንግሥቱ ገንዘብ በአሠሪው እጅ ሳያልፍ ወደ ሠራተኛው መድረሱ ብዙ ብልሹነትን ይዘጋል። የሚጠይቀው ነገር ብዙ ስለሆነ ግን እስካሁን የተጠቀመበት ሰው ከታሰበው በጣም ያነሰ ነው። ሆቴሉ የኅብረት ስምምነት ያለው ከሆነ ይጠይቋቸው፤ ከሌለው ይለፉት።

(ዘመድ አዝማድ ስለ ኤክስትራቸንስት ሊነግርዎት ይችላል። ደመወዙን ሙሉ በሙሉ መንግሥት የሚሸፍንበት፣ ብዙ ሰው በየማዘጋጃ ቤቱ የሠራበት ነው። ቀርቷል፤ አይፈልጉት።)

ወደ ጓደኞችዎ ስጋት ልመለስ። ድጎማው ሲያልቅ ሠራተኛውን አሰናብቶ ሌላ ድጎማ ያለው ሰው የሚያስገባ አሠሪ አለ፤ ይህን መካድ አልችልም። በጥናት የሚታየው ጠቅላላ ሥዕል ግን ከሚወራው የተሻለ ነው። ባርባራ ሲያኔዚ የተባሉት ተመራማሪ በ1990ዎቹ ስዊድን ለሥራ አጦች ያዘጋጀቻቸውን ፕሮግራሞች እርስ በእርስ ሲያነጻጽሩ፣ ከሥልጠናውና መንግሥት ራሱ ከሚፈጥረው ጊዜያዊ ሥራ ይልቅ በድጎማ በመደበኛ አሠሪ ዘንድ የተቀጠሩት በኋላም ሥራ ላይ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው በግልጽ በልጦ አግኝተውታል። ኡፕሳላ የሚገኘው የመንግሥት የሥራ ገበያ ጥናት ተቋም ኢፋው ኒስታርትስዮብን በ2012 ሲገመግም ደግሞ ሁለት ነገር አገኘ፦ የሥራ ዕድልን ይጨምራል፤ ከተቀጠሩት ከግማሽ በላይ የሆኑት ግን ድጎማው ባይኖርም ይቀጠሩ ነበር። ይህ ሁለተኛው ግኝት ግብር ከፋዩን ሊያሳስበው ይገባል። ለእርስዎ ግን የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ እንዲያውም «ያለ ድጎማ አይፈልጉሽም» የሚለውን ወሬ ያፈርሰዋል።

ሕጉ የሚከላከልልዎት ደግሞ በዚህ መንገድ ነው። ኒስታርትስዮብ ላስ የሚሸፍነው በመሆኑ፣ በኦክቶበር 2022 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ መሠረት በአንድ አሠሪ ዘንድ በጊዜያዊ ውል በአምስት ዓመት ውስጥ ከ12 ወር በላይ የሠራ ሰው ቅጥሩ ወደ ቋሚነት ይለወጣል። ድጎማው አለ የለም የሚለው ነገር ይህን አይቀይረውም። በሙከራ ቅጥር ከሆነ የገቡት፣ ሙከራው ከስድስት ወር አይበልጥም፤ አሠሪው ሙከራውን ካላቋረጠ ወደ ቋሚ ይሸጋገራል። ቋሚ የሆነ ሠራተኛ በበቂ ምክንያትና ቢያንስ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት እንጂ እንዲሁ በድንገት አይሰናበትም። አሥራ አንደኛው ወር ላይ «ውልሽ አልቋል» የሚል አሠሪ ሊገጥም ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ማኅበርዎን ያማክራሉ። ባይሳካም እንኳ አሥራ አንድ ወር የሠሩበት ቤት፣ ስልክ የሚያነሳ አለቃና የሚቆጠር ገቢ ይዘው ይወጣሉ። ዛሬ ከእነዚህ አንዱም የለዎትም።

አሁን ምግብ ቤቱና ሆቴሉ። የእኔ ምክር ሆቴሉን ይያዙ ነው። ምግብ ቤቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ የአገር ልጅ ያሳደጋቸው፣ ዛሬ የራሳቸውን ቤት የከፈቱ ብዙ ሰዎች አሉ። እርስዎ ግን ቤትዎ አማርኛ ነው፣ ቤተ ክርስቲያንዎ ወይም መስጊድዎ አማርኛ ነው፣ ሥራዎም አማርኛ ከሆነ ስዊድንኛው በየት በኩል ይግባ? በሆቴል ጽዳት ውስጥ ጠዋት የክፍል ዝርዝር ሲከፋፈል፣ የተሰበረ አምፖል ለጥገና ሲነገር፣ እንግዳ በኮሪደር አስቁሞ ፎጣ ሲጠይቅ ቋንቋ ይሠራል። ከዚያ ሲወጡ ስለ እርስዎ ስልክ የሚያነሳው ሰው ደግሞ ሌላ ቀጣሪ የሚያውቀው የሆቴል ኃላፊ ነው። እዚያው ውስጥ የእንግዳ መቀበያ፣ የዕቃ ግዥ፣ የሒሳብ ክፍል መኖሩንም አይርሱ፤ የባንክ ሠራተኛ ነበርኩ ብለው ለመናገር ዓይን አፋር አይሁኑ።

ምግብ ቤቱን ከመረጡም ዝምድናው ወረቀቱን እንዳያስቀርብዎት። «በእኔና በአንቺ መካከል ውል ምን ያደርጋል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ጎድቷል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ ደመወዙ በ25ኛው ቀን በደንብ ባንክ ይገባል፤ በማግስቱ ባለቤቱ ወደ ጓሮ ጠርቶ «አራት ሺሑን በእጅ መልሺልኝ፣ ለመንግሥት የምከፍለው ነው» ይላል። ይህ ሐሰት ነው። የአሠሪ መዋጮ የአሠሪው ዕዳ ነው፣ ከሠራተኛ ላይ አይሰበሰብም። የተደጎመን ደመወዝ በእጅ ማስመለስ በመንግሥት ላይ የሚፈጸም ማጭበርበር ነው፤ ጉዳዩ ሲወጣ የሠራተኛዋም ስም አብሮ ይነሳል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከቀረበልዎት አንድም ክሮና ሳይመልሱ ማኅበርዎንና አርቤትስፎርሜድሊንገንን ያነጋግሩ።

በየወሩ በገዛ እጅዎ የሚያጣሩበት መንገድ አለ። የደመወዝ መግለጫ ወረቀትዎን፣ ሎነስፔሲፊካሹኑን፣ ይያዙ። ጠቅላላ ደመወዙን፣ የተቆረጠውን ግብርና የተጠራቀመውን የዓመት ፈቃድ ያያሉ፤ ሕጉ ለዓመቱ 25 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ቀጥለው በባንክ አይዲዎ (በኤሌክትሮኒክ መታወቂያዎ) ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ወደ ስካተቬርኬት ድረ ገጽ ይግቡ። ከ2019 ጀምሮ አሠሪዎች የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደመወዝና ግብር በየወሩ በስም የማሳወቅ ግዴታ ስላለባቸው፣ አለቃዎ ስለ እርስዎ ምን ያህል እንዳስመዘገበ እዚያው ያዩታል። ወረቀቱ፣ ባንኩና ስካተቬርኬት አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳዩ ደህና ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተለየ ያን ዕለት ይጠይቁ፤ ወር እስኪደራረብ አይጠብቁ። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ይህን ለጎረቤቶችዎም ቢያሳዩ ትልቅ ውለታ ነው።

ሥራ በጀመሩበት ሳምንት ደግሞ ለሥራ አጥነት መድን፣ ለአካሳ፣ ይመዝገቡ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሥራ ካጣ በኋላ ነው፤ ያኔ ግን የአባልነት ዘመን ከየትም አይመጣም። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ መድኑ የሚሰላው በገቢ ነው፦ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 120,000 ክሮና፣ ከእነዚህም ቢያንስ በአራት ወራት ውስጥ በየወሩ 11,000 ክሮና መገኘት አለበት። በግማሽ ቀን ሥራ ሊገቡ ካሰቡ ይህን ቁጥር አስቀድመው ያስሉት። የሠራተኛ ማኅበሩ ከአካሳ የተለየ ነው፤ ለሆቴልና ለምግብ ቤት ሠራተኞች ሆቴልና ሬስቶራንግፋኬት አለ። በሁለቱም ቢመዘገቡ ይመረጣል።

ስለ ዲግሪዎ አልጠየቁኝም፤ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። አካውንታንት ሆነው ዕድሜ ልክዎን አልጋ እንዲያነጥፉ እየመከርኩ አይደለም። የውጭ አገር ዲግሪን የሚመዝነው መሥሪያ ቤት ኡሆአር አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ማመልከቻውን ሥራው እስኪጀመር ሳይጠብቁ ዛሬ ያስገቡ። ትምህርት ቤትዎ የሰጠዎትን የውጤት ዝርዝር ደሴ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ እንዲያፈላልግልዎት ጊዜ ይስጡት፤ ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው እርሱ ነው። ዩብስፕሮንጌት የሚባል፣ የምህንድስና ሳይንስ አካዳሚው የሚያስተባብረው የአራት ወር የሥራ ልምምድም አለ፤ በምጣኔ ሀብትና በመሰል ሙያ የተመረቁ አዲስ ገቢዎች በእንግሊዝኛም ጭምር ሊያመለክቱበት ይችላሉ። ከሆቴሉ ሥራ ጋር ጊዜው ከተጋጨ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ከመጨነቅ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወይም ዘጠኝ ወራት ሆቴሉ ላይ ቆይተው ቋንቋውንና የአለቃውን ምስክርነት ይዘው ቢያመለክቱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አሁን በአስቸኳይ የሚያደርጉት ይህ ነው። በአርቤትስፎርሜድሊንገን ጉዳይዎን ከያዘው ባለሙያ ቀጠሮ ይጠይቁና በቅድሚያ «ለኒስታርትስዮብ ብቁ ነኝ ወይ? እስከ መቼ?» ብለው መልሱን በጽሑፍ ያግኙ። ያንን ወረቀት ይዘው ወደ ሆቴሉ ኃላፊ ይሂዱ፤ ብዙ አነስተኛ አሠሪዎች የሚፈሩት ቅጹን መሙላቱን ነው፣ ብቁነትዎ አስቀድሞ መረጋገጡን ሲያዩ ይቀላቸዋል። ለቀጠሮው የሆቴሉን የድርጅት መለያ ቁጥር ይያዙ፤ መሥሪያ ቤቱ ድርጅቱ የግብር ዕዳ እንደሌለበትና ደመወዙም ለኅብረት ስምምነቱ የሚመጥን እንደሆነ የሚያጣራው በእርሱ ነው። ኃላፊው «ነገ ጀምሪ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» ቢልዎት እሺ አይበሉ። ሥራው የድጎማው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ከተጀመረ ድጎማው ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ በውልዎ ላይ የሚጻፈው የሥራ መጀመሪያ ቀን ከውሳኔው ቀን በኋላ መሆኑን ከመፈረምዎ በፊት ይመልከቱ።